«ድኗል» ያልኩት እጅ

ስለ ጤናው ሲጠየቅ እውነቱን የሚናገር ሐበሻ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። አምቡላንስ ውስጥ የተኛ ሰው እንኳ ስልኩ ቢጠራና የደወለችው አክስቱ ብትሆን፣ የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፉ ገለጥ አድርጎ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ? ልጆቹስ?» ማለቱ አይቀርም። ጠያቂውም ቢሆን ዝርዝሩን ፈልጎ አይደለም፤ «ደህና» የምትለዋን ቃል ተቀብሎ ወደ ጉዳዩ ለመሄድ ነው። በዚህ ተግባብተን እንኖራለን። ችግር የሚመጣው አንዳንዴ የሚጠይቀን ሰው መልሱን የምር ሲፈልገውና መልሳችንን አምኖ አዳራሽ ሲከራይ ነው።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሰናይት ከሳን ሆዜ ደውላ «ግርማዬ፣ እጅህ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «ድኗል» አልኳት።

አልዳነም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ኦክላንድ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ክራር እመታለሁ። ለሠርግም ለክርስትናም ለምርቃትም ተጠርቼ ቀርቼ አላውቅም። ባለፈው መስከረም፣ አንድ እሑድ ጠዋት ቁርስ ልሠራ ብዬ አቮካዶ በግራ መዳፌ ያዝኩና ፍሬውን ላወጣ ቢላዋውን በጫፉ ሰነዘርኩበት። ፍሬው አዳለጠው። ቢላዋው አቮካዶውን አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። ደሙን ሳይ ያን ያህል አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት በፎጣ ጠቅልዬ እጄን ለመጨበጥ ስሞክር ነው። አራቱ ጣቶቼ ታጠፉ። የቀለበት ጣቴ እንደቆመች ቀረች።

የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ገና ፎጣውን ሳልፈታው «አቮካዶ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካ በዚህ አገር ብቻዬን አይደለሁም! ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ምን አገኘህ?» ብለው ፊታቸውን አጨፍግገው ለሚጠጉኝ ሰዎች «አቮካዶ» ስላቸው፣ ያዘጋጁትን ሐዘኔታ የት እንደሚያስቀምጡት ይቸገሩ ነበር። ባለቤቴ መሠረት ይሄን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ውሎ አድሮ «ሥራ ላይ እያለ ነው» ማለት ጀመረች። ቁርስም ሥራ ነው።

ፓሎ አልቶ ያለ የእጅ ሐኪም የተቆረጠውን ጅማት ሰፋልኝ። በስፌቱ ቅሬታ የለኝም። ሲያሰናብተኝ ግን «ተጠንቀቅ፤ ያለ ጊዜው ኃይል ከበዛበት ሊበጠስ ይችላል፤ ያኔ እንደገና መክፈት ነው» አለኝ። እሱ ይህን ተናግሮ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄደ። ቃሉ እኔ ውስጥ ቀረ። የበር እጀታ ስይዝ፣ ይበጠሳል። ሸሚዜን ስቆልፍ፣ ይበጠሳል። ከመንዳት አግደውኝ ቢሮ ተቀምጬ ስልክ በማነሳባቸው ወራት፣ ደዋዩ ልጁ ለምን አውቶቡስ እንዳመለጠው ሲያስረዳኝ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ጣቴን እዳብስ ነበር። እንዳለች ለማረጋገጥ።

ክራር ለማታውቁ ላስረዳ። ቀኝ እጅ ክሮቹን ይገርፋል፤ ይሄን ማንም ያየዋል። ዋናው ሥራ ያለው ግን ከኋላ ነው። የግራ እጅ ጣቶች መሰማት የሌለባቸውን ክሮች ተደግፈው ዝም ያሰኛሉ፤ የሚሰማችሁ ዜማ እነሱ የለቀቁት ነው። እንግዲህ አንዷ ጣት ደርሳ ካልተደገፈች፣ ዝም ማለት የነበረበት ክር ተራው ሳይደርስ ይናገራል። ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ። አንድ ይበቃል።

የካቲት ላይ ወደ አውቶቡሴ ተመለስኩ። የእጅ ቴራፒስቷም «ከእንግዲህ መጫወት ትችላለህ» አለችኝ። እኔ ግን ክራሩን ከነልባሱ ግድግዳው ላይ ተውኩት፤ በአጠገቡ ሳልፍ ወደ መስኮቱ እመለከት ነበር። መሠረት «ምን አጥፍቶ ነው ያኮረፍከው?» አለችኝ አንድ ቀን። ለመሳቅ ሞከርኩ።

ይሄ ሁሉ የግሌ ጭንቀት ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባልከፋ። ነገር ግን ጋሽ ተስፋይ አሉ።

ጋሽ ተስፋይ የሰናይት አባት ናቸው። አሥመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ጎልምሰው፣ በሱዳን በኩል እዚህ የደረሱ፣ ኦክላንድ ውስጥ ብዙ ዓመት ልብስ ሲያጥቡና ሲተኩሱ ኖረው አሁን ሳን ሆዜ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ። ድምፃቸው ግን ሽማግሌ አልነበረም። ሃያ ዓመት ያህል እሳቸው ሲዘፍኑ እኔ ስመታ ኖረናል። ተያይተን ሳንነጋገር የት እንደምንገባና የት እንደምንወጣ እናውቃለን። እጄ ከተጎዳ ወዲህ በየግብዣው «ዝፈኑልን» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ሆነ፤ «ያለ ግርማ አልዘፍንም»። አንድ ሠርግ እንዲህ አለፈ። አንድ ክርስትና አለፈ። ሰዉ እሳቸውን በአክብሮት፣ እኔን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት እንደሰበረ ሰው ያየን ጀመር። እሳቸው በየሳምንቱ ይደውሉልኛል።

«ወደይ» ይሉኛል፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ጣትህ እንዴት ናት?»

«እየተሻላት ነው ጋሼ።»

«አትቸኩል። ቀስ ብለህ።»

ይሄ ደግነታቸው የባሰ ያስጨንቀኝ ነበር። አንድ ሰው ተቆጥቶ ቢጠብቃችሁ ትቆጣላችሁ፤ ታግሦ ሲጠብቃችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰናይት የደወለችው በዚህ መሐል ነው። ልጇ ሔርሜላ በነርስነት ልትመረቅ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ድግስ አለ፤ ሔርሜላ የምትፈልገው ስጦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ አያቷ እንዲዘፍኑላት። «አባባ ያለ አንተ እንደማይሆን ታውቃለህ። እውነቱን ንገረኝ፣ እጅህ እንዴት ሆነ?» እውነቱን ንገረኝ እያለችኝ እኮ ነው። «ድኗል» አልኳት። በደስታ እልል አለች።

በማግስቱ ክራሩን አወረድኩ። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ፣ ከሰዓት እስክመልሳቸው ባለው ጊዜ መኪና ማቆሚያው ግቢ ውስጥ ባዶው አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ መለማመድ ጀመርኩ። በባቲ ቅኝት ቃኘሁት። አንዴ ገረፍኩ። ያ ክር ጮኸ። ጣቴን ገፋ አደረግኳት፤ ከመዳፌ ሥር የሆነ ነገር ጎተት አለኝና እሳት እንደነካው ሰው እጄን አነሳሁ። ተበጠሰ? አጠፍኳት። አልተበጠሰም። እንደገና ገረፍኩ። እንደገና ጮኸ። እንዲህ እያልኩ አንድ ሳምንት ሄደ፤ በአንድ ሰዓት ልምምድ ውስጥ አርባውን ደቂቃ የምፈጀው ጅማቴ መኖሩን በማጣራት ነበር።

እቤትም አላስቀምጥ አሉኝ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ሜላት አማርኛ ሁሉን ትሰማለች፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ዳድ፣ ጀስት ቴል ዘም» አለችኝ። ንገራቸውና ተገላገል ማለቷ ነው። እሷ ያደገችበት አገር እንዲህ ቀላል ነው። «አዳራሹ እኮ ተይዟል» አልኳት። «ሶ?» አለችኝ። ታዲያ ምን ይሁን ማለቷ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ክራሩን ተሸክሜ ቴራፒስቷ ዘንድ ሄድኩ። ቁጭ ብላ አዳመጠችኝ። ጣቴን በራሷ እጅ ይዛ አጠፈቻት፤ ጣቴ መዳፌን ልትነካ ትንሽ እስኪቀራት ታጠፈች።

«ይኸው፣ ትደርሳለች» አለችኝ። «አንተ ግን ከመድረሷ በፊት ትመልሳታለህ።»

«ብትበጠስስ?»

«ስምንት ወር ሆነው። አትበጠስም።»

«መቶ በመቶ?»

ፈገግ አለች። «መቶ በመቶ የሚባል ነገር እኔ ጋ የለም።»

ሌላው ሰው ከዚህ ንግግር «አትበጠስም»ን ይዞ ይሄዳል። እኔ የመጨረሻዋን ይዤ ሄድኩ።

ቅዳሜው ደረሰ። መሠረት እየነዳች፣ እኔ በግንቦት ፀሐይ ግራ እጄ ላይ የሱፍ ጓንት አድርጌ ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። አዳራሹ በር ላይ የመጀመሪያው ፈተና ጠበቀኝ፤ የደረሰ ሁሉ «እስቲ እጅህን አሳየኝ» ይላል፣ ሲያሳዩት ደግሞ ይዞ ያጥፈዋል። አንዲት እናት ጣቴን እንደ ቃሪያ ቆነጠሯትና «ጎሽ፣ ይሰማሃል!» አሉኝ።

ጋሽ ተስፋይን ጥግ ላይ አገኘኋቸው። ሱፍ ለብሰዋል፣ ምግቡ ፊታቸው ላይ ሳይነካ ቀዝቅዟል፣ ሰላምታዬን አፋቸውን ሳይከፍቱ በራስ ንቅናቄ መለሱልኝ። ተቀይመውኛል ብዬ ደመደምኩ። ስምንት ወር አስጠብቄያቸዋለሁ፤ ይገባኛል።

ተጠራን። ሔርሜላ የምርቃት ካባዋን እንደለበሰች ፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። መግቢያውን መታሁ። ያ ክር ገና በሁለተኛው ዙር ጣልቃ ገባ። ጋሽ ተስፋይ የሚገቡበት ቦታ ደረሰ፤ አልገቡም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልሳቱትን ቦታ ሳቱት። ሰምተውታል፣ ስህተቴን ሰምተው ነው አልኩ። መግቢያውን ደገምኩ። አልገቡም። ሦስተኛ ስደግመው ገቡ፤ ከአፋቸው ግን ከቃሉ በፊት ፉጨት ወጣ።

ጥርስ አሠርተው ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አዲስ፣ እንደ በረዶ የነጣ። «ሰ» በመጣ ቁጥር ያፏጫል፣ «ሸ» ሲመጣ ከቦታው ይንሸራተታል። የዘፈኑ ግጥም ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሰ እና ሸ ነው። ልጆች መሳቅ ጀመሩ። ጋሽ ተስፋይ አቆሙ። እኔም አቆምኩ።

ፊታቸውን አየሁት። ቂም አልነበረም። ያ ፊት በአውቶቡሱ የኋላ መስተዋት ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየሁት የራሴ ፊት ነበር። ፍርሃት።

ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ መሐረብ አወጡ፣ ጥርሱን አውልቀው ጠቀለሉና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ወደ እኔ ተመልሰው «በል ወደይ» አሉ። ጉንጫቸው ገብቶ፣ ድምፃቸው ከለመድኩት ዝቅ ብሎ፣ ግማሹን ቃል ድዳቸው እየዋጠው ዘፈኑ። እኔ ጆሮዬን ሁሉ ለእሳቸው ሰጠሁ፤ ቃሉ ሲጠፋባቸው በክሩ ልሸፍንላቸው፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አንድ ዙር ልጨምርላቸው ስሯሯጥ፣ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው ጣቴን ጨርሶ እንደረሳኋት ትዝ ያለኝ። አትሳሳቱ፣ አልዳነችም፤ ያ ክር እስከ መጨረሻው አልፎ አልፎ ይለፈልፍ ነበር። ግን ማን ሰማው? ሔርሜላ ካባዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ የሳቁት ልጆች እያጨበጨቡ ነበር።

በኋላ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«መስከረም ላይ ነው ጥርሶቼን የነቀሉኝ» አሉኝ፣ ጥርሱን እንዳወለቁ። «ሳወራ ይህን ያህል አያስታውቅም፣ ስዘፍን ግን አይታዘዝልኝም። ያንተን አደጋ ስሰማ… እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ ነው ያልኩት። ያለ ግርማ አልዘፍንም እያልኩ ኖርኩ። እንዲያውም ጣትህ ቶሎ እንዳትድን ለገብርኤል ሻማ ተስዬ ነበር።»

«ጋሼ!»

«ከዚያ ሰናይት መጥታ ድኗል አለችኝ። ሦስት ሳምንት እህል አልበላሁም።»

«እኔም አልበላሁም» አልኳቸው። «ውሸቴን ነበር።»

ዞረው አዩኝ። ከዚያ ያለ ጥርስ እንዲህ ይሳቃል ብዬ የማላስበውን ሳቅ ሳቁ፤ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ተከተልኳቸው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንዱ በሌላው አካል ተከልሎ ስምንት ወር ሲደበቅ፣ አንድም ቀን ስልኩን አንስቶ «ፈርቻለሁ» የሚል ጠፋ። ይሄን ያህል ጨዋ ነን።

እሑድ ጠዋት ጣቴ አብጣ ነቃሁ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ለማጠፍ ድፍረት እስካገኝ ድረስ ረጅም ጊዜ አየኋት። ታጠፈች። ትናንት የደረሰችበት ድረስ ብቻ፣ ግን ታጠፈች። ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ አብሮኝ ይነዳል፣ አብሮኝ ይበላል።

ሰኞ ጋሽ ተስፋይ ደወሉ። ድምፃቸው በጉጉት የሠርጉ ቀን የደረሰ ሙሽራ ይመስላል። ድሮ የሚያውቁትን አንድ ዘፈን አስታውሰዋል፣ በግጥሙ ውስጥ አንድም ሰ፣ አንድም ሸ የለበትም፣ ቢፈለግ አይገኝም አሉኝ። በስልክ አንጎራጎሩልኝ። እውነታቸውን ነው፣ የለበትም። ዜማው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተንጠለጠለው በዚያችው በቀለበት ጣቴ ላይ ነው።

«እንዴት ነው ወደይ?» አሉኝ።

«አስቸጋሪ ነው ጋሼ፤ ፈርቻለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ክራሩን ከግድግዳው አወረድኩ።