በመስኮት ያየሁት ጭቃ

የበደለችኝ ቤዛዊት ትባላለች። የታችኛው ግቢ የአልማዝ ልጅ ናት። አምስት ኪሎ ግንባታ ትማራለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የሠፈሩን ወጣት ሰብስባ የአሮጊትና የሽማግሌ ቤት በነፃ ታድሳለች። ሰው ሁሉ ይመርቃታል። እኔ ግን ልረግማት አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ብታደርገኝ ጥሩ ነው? ሳትጠይቀኝ ስሜን «አቅመ ደካሞች» የሚል መዝገብ ላይ አስፍራዋለች!

እናንተዬ፣ ይህ ዘመን ማዕረግ ሲሰጥ አይጣል ነው። ድሮ ሰው ያረጃል፣ በቃ። ዛሬ ስታረጁ ሹመት ይሰጣችኋል። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት ሽንኩርቴን ተሸክሜ ሳላርፍ የምወጣ ሴት፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ጎረምሳ ገፍቶኝ የማያልፍ ሴት፣ እኔ ነኝ አቅመ ደካማ? ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ስሜን እስከመጻፍ ነው። እነዚያን ሁለት ቃላት ግን አንብቤያቸዋለሁ። ምነው ባላነበብኳቸው!

እውነቱን ካልደበቅኩ፣ የጓሮዬ ግድግዳ ወደ አልጋዬ አዘንብሏል። አልጋዬን ሁለት ጊዜ አሸሽቼለታለሁ። ሦስተኛ የምሸሽበት ቦታ የለኝም፣ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሐምሌን እንደምንም ተሻገረ፤ ነሐሴን እንደማይችለው ግን እኔም እሱም እናውቃለን። ቢሆንስ? ግድግዳ ቢወድቅብኝ ይሻለኛል እንጂ በዚያ ስም ተጠርቼ አላስጠግነውም ብዬ ቁርጤን ይዣለሁ።

ሰኞ ጠዋት መጡ። አሥራ ምናምን ልጆች፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ፣ አካፋ፣ ጭድ በማዳበሪያ፣ ውሃ በጀሪካን። ከሁሉ በፊት የተዘጋጀው ግን ፎቶ የሚያነሳው ስልክ ነበር። በሬን ቀርቅሬ ተቀመጥኩ።

«እማማ ጥሩነሽ፣ ይክፈቱልን እንጂ!» ቤዛዊት ናት።

«አቅመ ደካማ በር መክፈት አይችልም» አልኳት ከውስጥ።

ሳቁ። በደጃፌ ቆመው ሳቁብኝ! እንዳልሰማቸው ብዬ ራዲዮዬን አስጮህኩት።

አልከፍት ስላቸው ወደ ጓሮ ዞሩ። እኔም እስቲ ምን ያደርጋሉ ብዬ በመስኮት አጮለቅኩ። ባላየሁ! አፈር ቆለሉ፣ ውሃ ደፉበት፣ ጭድ በተኑበት፣ ማኪያቶ እንደሚያማስል ሰው በአካፋ ሁለቴ አማሰሉና ቀጥታ ወደ ግድግዳው! በዚያችው ሰዓት!

አባቴ ግድግዳ መራጊ ነበር። ልጅነቴን ያሳለፍኩት ለእሱ ጭቃ ስረግጥ ነው። ጭቃ በእግር ይረገጣል፣ ተሸፍኖ ያድራል፣ ውሃ ይጨመርለታል፣ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ በስብሶ አፍንጫ እስኪያስይዝ ድረስ ሳምንት ይሰነብታል። ያልሸተተ ጭቃ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ይህንን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የእኔ ጊዜ ሕፃን ማለቴ ነው።

ስድቡን ችዬው ነበር። ያንን ጭቃ ግን አልቻልኩትም። በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«ማነው ይህን ጉድ ያቦካው?»

አንድ ረጅም ጎረምሳ እጁን አወጣ። «ኢንተርኔት ላይ አይተን ነው፣ እማማ።»

«ኢንተርኔት ጭቃ ረግጦ ያውቃል? አውልቅ ጫማህን!»

አወለቀ። ሁሉም አወለቁ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁበት። ኧረ ደስታዬ! ስንት ዘመን ያልነካሁት ጭቃ በእግሬ ጣቶች መሃል ሽቅብ ሲወጣ ልቤ አብሮ ዘለለ። እነሱ ይጨፍራሉ፣ እኔ እሳደባለሁ፣ ጎረቤቱ በአጥር ላይ ያጨበጭባል፤ ጥምቀት ነበር የሚመስለው። ግድግዳውን በባላ ገፍተን አቀናነው፣ ጭቃውን በሸራ አለበስነው። ሳምንቱን ሙሉ እየመጡ ረገጡ። ሸትቶ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሸሹ «ደረሰ!» ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። በሚቀጥለው ሰኞ መረግነው። ቀጥ አለላችሁ፤ የዘብ ወታደር እንደዚያ አይቆምም!

እግራችንን ስንታጠብ ቤዛዊትን ያዝኳት። «ያን ሁሉ ተምረሽ ጭቃ እንደሚሰነብት አታውቂም?»

«አውቃለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ልጆቹ ናቸው የማያውቁት። እኔ እያየሁ ዝም አልኳቸው። የመራጊ ልጅ መሆንዎን እናቴ ነግራኝ ነበር። ታዲያ ሌላ በምን ላስወጣዎት?»

እንዲህ ያለች ተንኮለኛ! ልመታት እጄን አነሳሁ፤ እጄ መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠና አንገቷን አቀፈ። ስሜን ከዚያ መዝገብ ግን አሰርዣታለሁ። እዚያው ፊቴ።

«አሁን የቀሩን ጋሽ ዘለቀ ናቸው» አለችኝ ደብተሯን እያጠፈች። ከእኔ ቤት አጠገብ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በአናጢነት የጨረሱ፣ ዛሬ የገዛ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነፋስ በነካው ቁጥር የሚንኳኳባቸው። «ልንረዳዎት መጣን ስንላቸው በከዘራ አባረሩን።»

አልፈረድኩባቸውም።

በማግስቱ ማለዳ፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ መዶሻና ሚስማር ተውሼ ወደ ጋሽ ዘለቀ መስኮት ሥር ሄድኩ። አንድ ጣውላ አጋደምኩ፣ ደህና አድርገው እንዲያዩኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ ተቀመጥኩና፣ የመጀመሪያውን ሚስማር አጣምሜ መታሁት።