የሰይድ ዲናሞና የእኔ ዓይን

የባሌ ታናሽ ወንድም ሰይድ በድሎኛል። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ቢቆምበት፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ «የእትዬ ዘሀራ ዓይን ነው የበላብኝ» ብሎ ስሜን አጠፋ። የእኛ አገር ወንድ እንዲህ ነው፤ መኪና ሲበላሽበት ኮፈኖውን ከመክፈቱ በፊት ጥፋተኛውን ያገኛል።

ጥፋቴን ልናገር። ማለዳ ከመካነ ሰላም ስንነሳ «መኪናህ አምሮበታል» አልኩት። ማሻአላህ ማለቱን ረሳሁ። ምን ላድርግ፣ ሐሳቤ ሁሉ እናቴ ላይ ነበር። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት እኔን የምትለየኝ በኮቴዬ ነው። ይዣት የምሄደው ደሴ ነው፤ ዕለቱ ሞራ በነፃ የሚገፈፍበት የመጨረሻው ቀን ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ መዝገቡ ይዘጋል።

ጋቢና ተቀምጬ ሳይ፣ ከመሪው ጀርባ «ማሻአላህ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሥሩ ቀይ ነገር ይፈካል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ወሬኛ መብራት ነው እትዬ፣ የባትሪ ምልክት። ሳምንቱን ሙሉ ሲያፈጥብኝ ሸፈንኩት። ባትሪውን እኮ ቀይሬዋለሁ!» አለኝ።

እኔ ደግሞ ልጄ መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ የጣለውን የመኪና መማሪያ መጽሐፍ፣ እጄ እንደገባ ወረቀት ሁሉ፣ አንብቤዋለሁ። ሞተር እየሠራ ያ መብራት ከበራ፣ ባትሪው የሚመግበው አጥቷል ማለት ነው። «ሰይዴ» አልኩት፣ «ባትሪ እንስራ ነው፤ ምንጩ ዲናሞው ነው። ምንጭ ሲደርቅ እንስራ ይቀየራል?»

«ወላሂ፣ ጅዳ ሰባት ዓመት ስነዳ ይሄን የነገረኝ የለም» ብሎ ሳቀ። ጅዳ መኪና ያጥብ እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ሾፌር ገደል አፋፍ ላይ አይሰደብም።

አቀስታን ስናልፍ ጉም ወረደ። መብራት አበራ፣ የመስታወት መጥረጊያውን አስነሳ፤ ለእኔ ግን እንስራው ሲጎድል ነው የሚታየኝ። መጥረጊያው እንደ በሽተኛ ተጎተተ፣ ክላክሱን ጉንፋን ያዘው፣ መብራቱ ኩራዝ አከለ። ከዚያ ሞተሩ ጸጥ አለ። እናቴ «ደረስን?» አለች። ከዚህ የባሰ ልብ የሚሰብር ጥያቄ አለ? ይኼኔ ነው ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ ያንን ቃል የተናገረው። ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፈነችብኝ!

ሰዓቴን አይቼ ንዴቴን ዋጥኩት። ነገር ብጀምር ስንት ደቂቃ ይበላል? ደግነቱ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆመልን። ኮፈኖውን ከፍቶ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርግ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ እንደ አሮጌ መቀነት ጎበጠ። «ባትሪው ምን አጠፋ? ይሄ ላልቶ ዲናሞው ሥራ ፈትቷል እኮ» አለ። አጠበቀው፣ ከራሱ ባትሪ በኬብል አስነሳልን። ወረቀቱን ላጥ አድርጌ አየሁ፤ ቀዩ ጠፍቷል።

መዝገቡ ሊዘጋ ሲል ሆስፒታል ደረስን። እናቴን አንዲት ነርስ ይዛት ገባች። በረንዳው ላይ ቁጭ ብል፣ ሰይድ ለተሰለፈው ሁሉ «እትዬን በደንብ እዩዋቸው፤ መኪና በዓይናቸው ያቆማሉ» ይላል። ነርሷ ብቅ ብላ «ቀጣይ!» እስክትል ጠበቅኩና ክንዱን ይዤ አስነሳሁት፤

«ግባ ሰይዴ፤ ቀይ መብራት ሳምንት ሙሉ ፊቱ ላይ እየበራ የማያይ ሰው፣ ሞራው ከእናቴም የባሰ ነው።»