የስልክ ሲኒ መሞከሪያ ሆኜ

ግማሽ ቋንቋ ከማወቅስ ዲዳ ሆኖ መፈጠር ይሻላል! ዲዳን ማንም አይጠራውም። አጥርቶ የሚያውቀውም መሸሸጊያውን አያጣም። ግማሹን የሚያውቅ ግን... ጉዱ እንደ እኔ ነው። አስመራ ድንጋይ ስጠርብ የለቃቀምኋት ጣልያንኛ «አምጣ»፣ «ውሰድ»፣ «አንተ አህያ» ከሚሉት እምብዛም አታልፍም ነበር። ጣልያን ደብረ ታቦር ገብቶ አስተርጓሚ ሲፈልግ ግን ጎረቤቶቼ በአንድ ድምፅ ወደ እኔ ጠቆሙ። አመሰግናቸዋለሁ።

የተሰጠሁት ለአንድ መሐንዲስ ነው። ቀጭን፣ ሲናገር እጁ አፉን የሚቀድም፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነበር፤ ክፋቱን ሌሎቹ ይሠሩለታል። ሥራው ከደብረ ታቦር ሌላው የጣልያን ጦር ወደ ሰፈረበት ወደ ገሳይ የሚሄደውን የስልክ መስመር መጠበቅ ነው። መቼም አይታችሁ ይሆናል፤ የስልክ ሽቦ እንጨቱን አይነካም። ኮረንቲው በእንጨቱ በኩል ወደ መሬት እንዳያመልጥ መካከል ላይ የተደፋ ነጭ ሲኒ የሚመስል ነገር ይደረግለታል። አርበኞቹ ታዲያ ሽቦ መቁረጥ ሲሰለቻቸው ሲኒውን በወንጭፍ ይለቅሙታል። ምትኩ ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ መስመሩ ዲዳ ሆኖ ይከርማል። መሐንዲሱ ተናደደና፣ ከዚሁ ከእናንተ አፈር እሳትም ዝናብም የማይደፍረው አዲስ ሲኒ እፈለስፋለሁ አለ።

ለዚህም ከጋፋት ሸክላ ሠሪዋን እመት ዘርፌን አስመጣ። እምቢ ማለት የማይቻልበት ዘመን ነበርና መጡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ምላሳቸው ከምድጃቸው የሚያቃጥል ሴት ናቸው። መሐንዲሱ ነጭ አፈር ይሁን፣ ባልጩት እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ይግባበት፣ እሳቱም ቀኑን ሙሉ ይንደድ ይላል። እመት ዘርፌ «እሳት ካየው ምን ለየው» ብለው እንጨት መጨመሩን ይተዉታል። እኔ መካከል ቆሜ የእሱን ስድብ ምስጋና፣ የእሳቸውን እርግማን ምርቃት እያደረግሁ አስተረጉማለሁ። ጥሩ አስተርጓሚ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሲኒዎች ምድጃው ውስጥ እንደ ፈንድሻ ፈነዱ። ቀጥለው የመጡት ቀልጠው እርስ በርሳቸው ተጣበቁ።

ሳይፈነዳ የተረፈውስ እንዴት ይሞከራል? ሲኒው ውሃ ውስጥ አድሮ ይወጣል። በአናቱ ሽቦ ይታሰርበታል፤ ከሥሩ የሚወጣውን ብረት እኔ እጨብጣለሁ። ከዚያ መሐንዲሱ የስልኩን እጀታ ያሽከረክራል። ሲኒው ውሃ ካልጠጣ ምንም አይሰማኝም። ከጠጣ ግን ኮረንቲው በእኔ በኩል ያልፋል... እኔም እዘላለሁ። የሚለካበት መሣሪያ ከጎንደር እስኪመጣ ነው ብሎኝ ነበር። አልመጣም፤ እኔ እያለሁ ለምን ይመጣል? ወታደሮቹ ዝላዬን ለማየት እንደ አዝማሪ ይከቡኝ ጀመር።

በዚህ መካከል አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ የእናቴ ወንድም ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ጠበቁኝ። አጎቴ ከአርበኞቹ ጋር እንደሚውሉ አውቃለሁ፤ ግን አንጠያየቅም። ምን እየተሠራ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ሥራው እንዲበላሽ ማድረግ እንደማይበጅ አስረዱኝ። ጨርሶ እምቢ ካለው መሐንዲሱ ሲኒውን ከአገሩ ያስመጣል።

«ደካማውን ይውደደው» አሉኝ። «ክረምት ሲገባ የሚከዳውን። በዚያ ሽቦ ገሳይ በተጠራች ቁጥር የሚቃጠለው የማን መንደር እንደሆነ ታውቃለህ።»

«እንዴት አድርጌ፣ አጎቴ? መሞከሪያው እኮ እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«እሱንማ ነው የምልህ።»

የመጨረሻው ሙከራ ቀን የጦሩ አዛዥ ራሱ መጣ። ከምድጃው ሁለት ዓይነት ወጥቷል። አንዱ ነጭ፣ ሲመቱት እንደ ቃጭል የሚያቃጭል፤ ሌላው ጥቁር፣ ከላይ የሚያብለጨልጭ። መጀመሪያ ነጩን ያዝሁ። መሐንዲሱ አሽከረከረ። ምንም! ዝንብ ያረፈብኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም። እኔ ግን ጮኼ ዘለልሁ፤ ማጋነኑ መልካም መስሎኝ ጭቃው ውስጥ ተንከባለልሁ። መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ።

ጥቁሩን ያዝሁ። አሽከረከረ። ከተረከዜ እስከ አናቴ ንብ ቀፎዋን የተከለች መሰለኝ። ጥርሴ ሲፋጭ ሳቅ እንዲመስልልኝ ከንፈሬን ገለጥሁ። አዛዡ አላመነም፤ በደንብ አሽከርክረው አለ። አሽከረከረው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንባውም የደስታ እንዲመስል ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። «ቤኔ፣ ቤኔ» አልሁ፤ ጥሩ ነው ማለቴ ነው። መሐንዲሱ ደስ ብሎት አብሮኝ ሳቀ። ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ፤ ያኔማ ኮረንቲው ለእሱም ሳይተርፈው አልቀረም።

ጥቁሮቹ ሲኒዎች እስከ ገሳይ ተሰቀሉ። የደብረ ታቦርን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ሳይጋመስ በስልኩ ከወዲያ ማዶ የሚሰማው የንብ ጉምጉምታ ብቻ ሆነ። አርበኞቹ መንገዱን ሲይዙ ከገሳይ የደረሰ ጦር አልነበረም። አጎቴ ግን እዚያው ወደቁ። ሬሳቸውን እንኳ አላየሁም።

መሐንዲሱ አንድ ጥቁር ሲኒ ከእንጨቱ አስወረደ። ብረቱን ራሱ ጨበጠና አሽከርክር አለኝ። ከልቤ እየራራሁ አሽከረከርሁት። እንዲያም ሆኖ ዘለለ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። በሙከራው ቀን ምን እንደተሰማኝ ጠየቀኝ። ደስታ ነው አልሁት። ለአዛዡ ቢናገር የራሱ አንገት እንደሚቀድም ገብቶታልና፣ ጥፋቱን ለአገሩ ዝናብ ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ወደ አስመራ ተዛወረ።

ጣልያን ሲወጣ የሰንበቴ ማኅበር ልግባ ብዬ ጠየቅሁ። ባንዳ አናስገባም አሉኝ። እኔም ታሪኬን ከጥንት እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። የማኅበሩ ሰዎች አንዱ የጥይት፣ ሌላው የጎራዴ ጠባሳ ያለባቸው ናቸው። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ ቁስሌን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ኮረንቲ ደግሞ ጠባሳ አይተውም! አጎቴ የሉም። የቀረኝ አንድ ምስክር ነው፤ እመት ዘርፌ ተጠሩ። ያን ቀን ከምድጃቸው አጠገብ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ደስ አለኝ። መስቀል ይዘው ማሉ።

«ሐሰት ተናግሬ አልኰነንም» አሉ። «ነጩን ሲይዝ እንደ ፍየል ጮኸ። ጥቁሩን ሲይዝ ግን ከጣልያኑ ጋር ሲሳሳቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ሙሴው ቀና ብለው አዩኝና፣ «ይሄ ልጅ ትንሽ ነካ ሳያደርገው አልቀረም» ብለው አዘኑልኝ። ማኅበሩም ተቀበለኝ... በአርበኝነት አይደለም፤ ለጽድቅ ብሎ ነው እንጂ።