የእመት አየሁሽ ዝምታ

እመት አየሁሽ በልጅነታቸው ለሞት የደረሱት በሰላምታ ምክንያት ነው። ሳንጃ ከተባለው አገር አጠገብ፣ ገና ልጃገረድ ሳይባሉ፣ የመንጋጋ ጥርሳቸው ከሥሩ መገለና ጉንጫቸው ዓይናቸውን እስኪሸፍን አበጠ። አዛናው የሚባል ባለመድኃኒት በማለዳ ሥር ሊቆርጥ ወጣ። ይህ ሥር ሕግ አለው። ቆራጩ ከደጁ ወጥቶ ሥሩን በታማሚው አፍ እስኪያገባ ድረስ ከሰው ጋር አንድ ቃል ከተነጋገረ መድኃኒቱ ይፈርሳል። አዛናው ሥሩን ይዞ ሲመለስ ክርስትና አባቱን መንገድ ላይ አገኛቸው። እንዴት አደርህ አሉት፤ ጨዋ ሰው ነበርና እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አማቱ ጤና ተጠያየቁ። መድኃኒቱ ፈረሰ ብሎ ሥሩን ጣለና ወደ ቤቱ ገባ፤ በማግሥቱም ሳይመጣ ቀረ። የልጅቱ ጉንጭ ወደ ውጭ ፈነዳ። ክረምቱን ሙሉ ወተት በሸንበቆ እየሳቡ ተረፉ፤ ጠባሳው መንጋጋቸው ሥር እንደ ማጭድ ተጋድሞ ቀረ። አዛናውንም፣ ክርስትና አባቱንም፣ ሰላምታንም ዕድሜ ልካቸውን ይቅር አላሉም።

በየአገሩ ለምን ታመምህ ብሎ የሚቆጣ ሐኪም አይጠፋም። አንባቢም አንዱን ሳያውቅ አይቀርም፤ ቁስሉን ከማየቱ በፊት ጥፋትህን የሚያይ ሰው። የእኛዋ ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ። በጣሊያን ዘመን መተማ ላይ ጥርሱን ያመመው ሁሉ ፍርዱን የሚቀበለው ከክብርት እመት አየሁሽ፣ ከመንጋጋችን ገዥ ነበር። ጉንጩን ይዞ በራቸው ላይ የቆመውን ሰው፣ “እስከ ዛሬ የት ነበርህ?” ይሉታል። ሊመልስ ሲሞክር፣ “ዝጋ። አይ፣ ክፈት። አፍህ ዛሬ የኔ ነው” ይላሉ። ከግመል ወድቆ የሞተ ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ተቀምጠው፣ “ጥርሱን አሳየኝ ብዬው ነበር” ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለሱቁ ሙሐመድጣሂር ስኳር ከድንበር ማዶ ከገላባት ያስመጣል። እሳቸው ገበያ መሀል ይቆሙና፣ “አንተ ታበሰብሳለህ፣ እኔ እጠርጋለሁ” ይሉታል።

“ያ ሐጃ፣ ደህና አደሩ?” ይላል እሱ፤ ያረጀችውን ሁሉ ሐጃ ነው የሚል።

“እንዴት እንዳደርሁ ምን አገባህ? ስኳርህን ሸፍን።”

ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነው አንድ ደህና አደርህ አላገኘም።

እኒህ ሴት ዝም የሚሉት ሥር ሊቆርጡ ሲወጡ ብቻ ነበር። የአዛናው ጨዋነት እንዳይደርስባቸው፣ ከደጃቸው ሳይወጡ አፋቸውን ውሃ ይሞላሉ። ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ መቆፈሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ያየ ሁሉ መንገድ ይለቃል፤ ከተማውም ለአንድ ማለዳ ያርፋል። ዛሬ ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከሸመገልሁ በኋላ ነው፤ በሰው እምነት መሳቅን ግን ከየትኛውም ገጽ አልተማርሁም።

ያን ጊዜ በግመል የእጣን ሙጫ የምጭን ጎረምሳ ነበርሁ። የመንጋጋ ጥርሴ ከሥሩ መገለ፤ እብጠቱ ወደ አንገቴ ወረደ፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ጣሊያኖቹ ሠፈር ውስጥ በጉጠት የሚነቅል ሰው አለ ይባል ነበር፤ የሚገባው ግን ወረቀት ያለው ነው። በገዛ አገሬ ጥርሴን ለማስነቀል የባዕድ ወረቀት። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። እብጠቱ ጉሮሮዬን ከዘጋ እንደምሞት እኔም እመት አየሁሽም እናውቅ ነበር። መጥተው ዳሰሱኝ፣ ተቆጡኝ፣ “ጠዋት ይዤ እመጣለሁ፣ በርህን ክፈተው” ብለውኝ ሄዱ። ሲነጋ በሬን ከፍቼ፣ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ ተኛሁ።

የሆነውን የነገረችኝ ወተት ሻጭዋ ዘሊካ ናት። በዚያ ማለዳ የጣሊያን ወታደሮች ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ አቁመው ገበያተኛውን ሁሉ ያሰልፉ ነበር። እመት አየሁሽ ሥሩን በመቀነታቸው ሸጉጠው ደረሱ።

“ስምሽ ማነው?” አለ አስተርጓሚው።

ዝም።

“ከየት ነው የምትመጪው? ለሽፍታ ስንቅ አድርሰሽ ነው?” አርበኛው ሁሉ በእነሱ አፍ ሽፍታ ነበር።

አሁንም ዝም። እናቱ የምትሆነውን ሴት አንቺ ማለቱ ሳያንስ፣ ነጩ አዛዥ በዓይኑ ሲጠቅሰው በጥፊ መታቸው። በዚያው በጠባሳቸው በኩል። ከከንፈራቸው አንድ ጠብታ ውሃ አልወጣም። “ስድቡ ሁሉ ግን ዓይናቸው ላይ ተሰልፎ ነበር” ትላለች ዘሊካ።

አስተርጓሚው እጁን ደግሞ ሲያነሳ ዘሊካ፣ “ጌታው፣ ድዳ ናቸው እኮ” አለች።

“ድዳ ናቸው” አለ ከኋላዋ አንድ ገበሬ።

“ከተፈጠሩ ቃል አልወጣቸውም” አለች ሌላዋ። በዚያ ሰልፍ እሳቸው ያልተቆጡት ሰው አልነበረም፤ የሳቀም አልነበረም።

አስተርጓሚው እዚያው ሰልፍ ውስጥ ወደቆመው ወደ ሙሐመድጣሂር ዞረ። “አንተ ሃይማኖተኛ ትመስላለህ። እውነቱን ንገረኝ።”

ሙሐመድጣሂር ውሸት የሚፈራ ሰው ነው። “ወላሂ፣” አለ፣ “ሃያ ዓመት ሙሉ ደህና አደሩ ስላቸው አንድ ቀን አልመለሱልኝም።”

ለቀቋቸው።

ቤቴ ሲገቡ የአስተርጓሚው ጣቶች ጉንጫቸው ላይ ታትመው ነበር። ውሃው አሁንም አፋቸው ውስጥ ነው። ሥሩን ወቀጡ፤ የጥርሴን ጉድጓድ በእሾህ ጠርገው መግሉን አወጡ፤ የጥጥ ክር በሥሩ ጭማቂ ነክረው እስከ ውስጥ ሰደዱት፤ ላዩን በሞቀ የእጣን ሙጫ ደፈኑት። ያን ጊዜ ደጅ ወጥተው ውሃውን ተፉ። ደም ነበረው።

“እስከ ዛሬ የት ነበርህ?” አሉኝ፤ ከዚያ እስከ ቀትር አላባሩም።

እብጠቱ ጎደለ። ያ ጥርስ ዛሬም አለ፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሄደው እሱ ብቻ ቀርቷል። የሥሩን ስም ግን ለማንም አልነገሩም።

በሚቀጥለው ገበያ ወጥተው፣ “ድዳ ያለኝ ማነው?” እያሉ የዚያን ቀን ሰልፈኛ አንድ በአንድ ለቀሙት። ሙሐመድጣሂር ሱቅ ሲደርሱ ቆሙ።

“ደህና አደርህ?” አሉት።

ሰውዬው ደንግጦ ስኳሩን ሸፈነ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። “እመት፣ ቢገድሉዎስ ኖሮ? አንድ ቃል መልሰው፣ ሥሩን በማግሥቱ ቢቆርጡት ምን ነበረበት?”

“አንድ ቃል?” አሉ በቁጣ። “እኔ ለነዚያ አንድ ቃል ከጀመርሁ መቼ ልጨርስ ነው? የምነግራቸው ስንት ነገር ነበረኝ።” ከዚያ ጠባሳቸውን ዳሰሱ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ።

“አዛናው ሰላምታ ሲመልስ መድኃኒቱ ይፍረስ አይፍረስ እንጃ፤ እግዜር ያውቃል። እኔ ግን በሩን እያየሁ ነበር። የታመመ ሰው በር በሩን ነው እሚያይ። አንተም ታይ ነበር። ሥር የሚቆፍር ሞልቷል ልጄ፤ ዋናው መንገድ ላይ አለመቅረት ነው።”