ወርቅ በካቻፕ

[ፔንሲልቬንያ፣ መንገድ ዳር ያለች ቁርስ ቤት። ሆሬስ የከተማው የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ የማያውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም። ጎረቤቱ ኤልመር ዶሮ አርቢ ነው፤ እሑድ የሰማው ቀልድ ረቡዕ ያስቀዋል። በመካከላቸው፣ ከኤልመር ሟች አክስት የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ የወጣች፣ የሴት ራስና 1795 የሚል ዓመት የተቀረጸባት ቢጫ ሳንቲም ተቀምጣለች።]

ኤልመር፦ ፎጣ ነው እልሃለሁ። ሴትዮዋ ገላዋን ታጥባ መውጣቷ ነው።

ሆሬስ፦ ኮፍያ ነው፣ አንተ ሰው። ማን ነው ፎጣ ጠምጥሞ ሳንቲም ላይ የሚወጣው?

ኤልመር፦ በ1795 ማን ይከለክላታል?

ሆሬስ፦ [ምራቁን እየዋጠ] ዓመተ ምሕረቱን ተወው፣ ለጌጥ ነው። ገንዘብ ብትሆን ዋጋዋ አይጻፍባትም ነበር? የታለ? የልብስ ቁልፍ ናት።

[የዚያን ዘመን የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲም ላይ ዋጋው እንደማይጻፍ አሳምሮ ያውቃል። ይቺን ሳንቲም ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድድ ኖሯል፤ ሚስቱን እንኳ እንዲህ አላሳደደም።]

ኤልመር፦ ቁልፍማ ከሆነች ትጽዳ። እስቲ ካቻፑን አቀብለኝ።

ሆሬስ፦ ካቻፕ ለምን?

ኤልመር፦ እናቴ መዳቧን የምትወለውለው በሱ ነበር።

ሆሬስ፦ [ጠርሙሱን በሁለት እጁ አቅፎ] አይሆንም።

ኤልመር፦ ቁልፍ ምን ትሆናለች ብለህ ነው?

ሆሬስ፦ እኔ... ለካቻፑ አዝኜ ነው።

ኤልመር፦ እንግዲያው በሹካ ልፋቃት።

ሆሬስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ኤልመርዬ፣ ወንድሜ፣ ለኔ ስጠኝና የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን ውሰድ።

ኤልመር፦ በአንዲት ቁልፍ? ነውር ነው። ይልቅ በስቼ ውሻዬ አንገት ላይ አንጠለጥላታለሁ። መሰርሰሪያው መኪና ውስጥ አለ።

[የሆሬስ ላብ እንቁላሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ዘንጉ ላይ ጀልባውን ጨመረ፤ ጀልባው ላይ መኪናውን፤ መኪናው ላይ ገና ያልገዛውን የሐይቅ ዳር ጎጆ። ኤልመር ለሁሉም እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀና መሰርሰሪያውን ሊያመጣ ተነሣ።]

ሆሬስ፦ [ተንበርክኮ፣ የኤልመር እግር ላይ ተጠምጥሞ] በፈጠረህ አትብሳት! ወርቅ ናት። ካገሩ ሰብሳቢ ግማሹ ለሷ ሲል ቤቱን ይሸጣል።

[ኤልመር ተመልሶ ተቀመጠ። ሳንቲሟን በሁለት ጣቱ፣ በጠርዟ ብቻ ይዞ አነሣት፤ ከኪሱ ጥጥ የተነጠፈባት ሣጥን አውጥቶ እንደ እንቁላል አስተኛት።]

ኤልመር፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሆሬስ። ከተማ ያለው የሳንቲም ዋጋ ገማች ገና ሳያያት ክፈል ይላል፤ ያንተ ፊት ግን በነጻ ነው የሚነበበው።