አማቼ፣ አሥራ ሁለቱ ሥዕሎችና አውራ ጣታቸው

ሕፃን ሲያይ ስሞ ማለፍ የማይችል አንድ ዓይነት ሰው አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔና እናንተ ሕፃን ስናይ «እሰይ፣ ስታምር!» ብለን ጉንጯን ቆንጠጥ አድርገን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። እሱ ግን የሚታየው ባዶ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ጥርስ ሳታበቅል ሊያስተምራት ይቸኩላል። አንዱ በሦስት ወሯ ፊደል ያስቆጥራታል፤ ሌላው በስድስት ወሯ የዓለምን ዋና ከተሞች ይዘረዝርላታል። ልጅቷም የራሷን እግር ጣት እየጠባች በትዕግሥት ታዳምጠዋለች።

ለእኔ የደረሰኝ የሥዕሉ ነው። ክቡርነታቸው አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሶፋ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ልጃችን ሚጣ ተወለደች። ክቡርነታቸው መዶሻውን አስቀመጡና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ተማሪዋ ሚጣ ብቻ ናት፤ ትምህርት ቤቱም የእኛ ሳሎን ወለል ነው። ፈቃድ የሰጠ ባለሥልጣን የለም።

ስለ ሥዕል የሚያውቁትን ሁሉ ያገኙት ከአንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ሶፋውን አሳድሶ ሲሄድ ሱቃቸው ጥሎት ሄደ። በየወሩ አንድ ዝነኛ ሥዕል አለበት። ስለዚህ በእሳቸው ዘንድ በዓለም ላይ ያሉት ታላላቅ ሥዕሎች አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሌላ አለ የሚል ሰው ቢመጣ «መጀመሪያ ወሩን ንገረኝ» ይሉታል። የሥዕሎቹ ስም በባዕድ ቋንቋ ስለተጻፈም የሚጠሯቸው በወራቸው ነው። ዓለም ሁሉ በፈገግታዋ የሚያውቃት ሴትዮ «ጥር» ናት። ባለ ጆሮ ጌጧ ልጅ «መጋቢት» ናት። ድልድይ ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ የሚጮኸው ምስኪን ደግሞ «ሐምሌ» ነው።

እነዚህን አሥራ ሁለት ሥዕሎች በካርቶን፣ በማስቲሽና ከሱቃቸው በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሠርተው የሚዳሰስ መጽሐፍ አደረጉላት። መጽሐፉ የሶፋ ትራስ ያህላል። አንድ ጊዜ ተደግፌው እንቅልፍ ወስዶኛል።

«ዓይን እንግዳ ነው፤ ቤተኛው እጅ ነው» ይላሉ ትምህርት ሲጀምሩ። ከዚያ ሚጣን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይገልጣሉ።

«ሚጣዬ፣ ይቺ ማናት?»

«ጥ!» ትላለች ሚጣ። ያኔ ዓመት ከስድስት ወሯ ነበር።

«ጎሽ! ጥር! እጇን ያጣመረችው ለምንድን ነው? በርዷት ነው። ስለዚህ አባባ ከፋይ አለበሳት። ንኪያት እስቲ። ለሰለሰሽ?»

«አባባ» አልኩ እኔ፣ አፌ አያርፍምና፣ «ስለዚያ እጅ እኮ ሊቃውንት ስንት መጽሐፍ ጽፈዋል።»

«ነክተዋታል?»

«ኧረ የት አግኝተው!»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ።»

የመጋቢት ጆሮ ጌጥ የሴት ቀሚስ ቁልፍ ነበር፤ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ የሚያብለጨልጭ። ሚጣ ጎተተችው፣ ነቀለችው፣ ዋጠችው። ቤቱ ተተራመሰ። ሐኪሙ በራጅ አይቶ «ምንም አትሆንም፣ ጠብቁ፣ ራሱ ይወጣል» አለንና ሁለት ቀን ጠበቅን። ክቡርነታቸው በሁለቱ ቀን እህል አልቀመሱም። በሦስተኛው ቀን ጌጡ በሰላም ወጣ። በሳሙና አጠቡት፣ በአልኮል ጠረጉት፣ መልሰው ሊሰፉት መርፌ ሲያነሡ ባለቤቴ ከእጃቸው ነጠቀቻቸው።

«ኦርጅናሉ እኮ ነው!» አሉ ቅር ብሏቸው።

የሐምሌን አፍ ጎድጓዳ አድርገው በቀይ ሐር ለበጡት። ሚጣ ጣቷን ወደዚያ እየሰደደች ሰውዬው ለምን እንደሚጮህ ትመረምራለች። ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ የተከፈተ አፍ ባየች ቁጥር ምርመራዋን መቀጠሏ ነው። አለቃዬ፣ የጋዜጣችን ዋና አዘጋጅ፣ አንድ ቅዳሜ ሊጠይቀን መጥቶ በራሱ ቀልድ ከት ብሎ ሲስቅ ሚጣ ሶፋው ላይ ተንጠላጥላ ጣቷን እስከ መንጋጋው ሰደደችው። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ክቡርነታቸው ግን ከማዶ ሆነው፣ ማፈር የለ ምን የለ፣ «ሚጣዬ፣ እርጥብ ነው ደረቅ?» አሉ።

«ጥብ» አለች ሚጣ። አለቃዬ ከዚያ ወዲህ ቤታችን በጠራነው ቁጥር የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለው።

ኮቴንማ ተዉት። ለኅዳር የሌሊት ሰማይ ጥቁር ሰማያዊ ሐር አጡ፤ ያለችኝ አንዲት ሙሉ ልብስ ገበር ላይ አገኙት። እኔ ይህን ያወቅሁት ስብሰባ መሐል ሞቆኝ ኮቴን ሳወልቅ ነው። ጀርባው ላይ ጨረቃ የሚያህል ቀዳዳ!

«አባባ፣ ኮቴን ምን አደረጉት?»

«የማይታይ ቦታ ነው እኮ። እዚያ ተደብቆ ምን ሊሠራልህ ነበር? አሁን ሰማይ ሆኗል።»

ምን ይባላል? «ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ይላሉና፣ እኔም የኮቱን ቁልፎች ፈትቼ ለከዋክብቱ ሰጠኋቸው። በደንብ ተሰፍተዋል፤ ሦስት ጊዜ ስቤ አረጋግጫለሁ።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ግን አልሆንላቸው አለ፤ የጥቅምት የስንዴ ማሳ። ቢጫ ስንዴ፣ የጠቆረ ሰማይ፣ ጥቂት ቁራዎች። መጀመሪያ በመጥረጊያ ጭራሮ ሠሩት፤ ሚጣን ወጋት። በጆንያ ሠሩት፤ «ይኼ የስንዴው ማቅ እንጂ ስንዴው አይደለም» ብለው ገነጠሉት። በምንጣፍ፣ በስፖንጅ፣ በገመድ ሞከሩ። ሰባት ጊዜ ለጠፉ፣ ሰባት ጊዜ ላጡ። ሰው «ጤናዎ እንዴት ነው?» ሲላቸው «ስንዴው አስቸግሮኛል» ብለው ይመልሳሉ። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን «ሳልጨርሰው ብሞት ይቺ ልጅ ስንዴ ምንጣፍ ነው ብላ ትቀራለች» አሉኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ይኼኔ ነው ጥቅምት ራሱ፣ በአካሉ፣ ከተማችን የመጣው። ከውጭ አገር ለአንድ ወር ለትርዒት የመጡ ሥዕሎች ውስጥ አለ ሲባል አማቼ ፂማቸውን ተላጩ፣ ጫማቸውን አስጠረጉ፣ ጥፍራቸውን ቆረጡ። ጥፍሩ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

ሚጣ አሁን ሦስት ዓመት ሞልቷታል። ባለቤቴ ሌሊት እንደሚዘምት ወታደር ነው ያሠለጠነቻት። «እዚያ እጅ ከጀርባ ነው። ምንም ነገር አይነካም። እሺ?» «እሺ።» አያትየውን ያሠለጠነ ሰው አልነበረም።

አዳራሹ ገባን። ሚጣ እጇን ከጀርባዋ አጣምራ እንደ ትልቅ ሰው ትራመዳለች። አማቼ ስንዴው ፊት ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። ቀለሙ ከሸራው ላይ ተነሥቶ ቆሟል እኮ!

«ይኼ ሥዕል ነው እንዴ? ምርግ ነው እንጂ!» አሉ። «ያ ቀን መቁጠሪያ ይኼን ሁሉ ዓመት ሲዋሸኝ ኖሯል!»

አውራ ጣታቸው ተነሣ። አርባ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ትራስ ተጭኖ «በቃ፣ ይወጣል» ሲል የኖረው ጣት ነው። በሥዕሉ ፊት የተዘረጋውን መከለያ ገመድ ተሻገረ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ስንዴው ላይ ሊያርፍ የጣት ስፋት ሲቀረው፣ በጸጥታው መሐል፣ ሚጣ ጮኸች።

«አባባ! አይነካም!»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ጥበቃው ሮጦ መጣ። «ኧረ አባት፣ ምነው? ልጅቷ እንኳ ታውቃለች!» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ቤታቸው እስክናደርሳቸው ድረስ አላወጡትም።

ከዚያ ቀን በኋላ መምጣት ተዉ። ስንደውል «ጉልበቴን አሞኛል» ይላሉ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ባለቤቴ ሄዳ አየቻቸውና ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። «ጉልበቱን አይደለም ያመመው» አለችኝ። «‹ልጅቷ ልክ ናት፤ ሕፃን ያሳሳትኩ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት የማይሆን ነገር ሳስተምራት ኖሬያለሁ› ይላል። ከእንግዲህ አይመጣም፤ አባቴን አውቀዋለሁ።»

ሚጣስ? መጽሐፉን ወለሉ ላይ ትዘረጋለች። ፊቱ ትቀመጣለች። እጇን ከጀርባዋ ታጣምራለች። ሳትነካ ታየዋለች፣ ታየዋለች፣ ከዚያ «አይነካም» ብላ ትነሣለች። አንጀቴን የበላችው ያኔ ነው። ቤቱ ጸጥ አለ፣ ልብሴ ሁሉ ደኅና ሆነ፣ በእንግዳ አፍ የሚገባ ጣት ጠፋ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ሰውዬው ናፈቁኝ፤ እውነቱ ይኼው ነው።

ትርዒቱ በሚዘጋበት ቀን ቢሮዬን አስፈቅጄ ብቻዬን ሄድኩ። እኔ እንግዲህ መኪና በሌለበት መንገድ እንኳ አረንጓዴ መብራት ጠብቄ የምሻገር ሰው ነኝ። ስንዴው ፊት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ያው የዚያን ቀኑ ጥበቃ ቆሟል።

«የሽማግሌው ወገን ነህ አይደል?» አለኝ።

«አማቼ ናቸው።»

«ደኅና ናቸው?»

«አይደሉም» አልኩት። ነገርኩት፤ መጽሐፉን፣ ሰባቱን ሙከራ፣ ሚጣን፣ ሁሉንም።

ራሱን አከከ። «እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለኝም። ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቡ ስቆም አንድም ቀን ሲነኩት ምን ይመስል ይሆን ብዬ አላውቅም ነበር። አሁን ሌላ ሐሳብ የለኝም።» ግራ ቀኙን አየ። «የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ መሰለኝ» ብሎ ጎንበስ አለ።

ጫማው ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር።

የነካሁት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ሥዕሉ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ። ጥበቃው እንዳጎነበሰ «እሺስ? እንዴት ነው?» አለኝ። በጆሮው ነገርኩት። «አይ የሰው ልጅ!» አለና ቀና ብሎ ኮስተር አለ።

ከዚያ በቀጥታ አማቼ ቤት። መስኮት ሥር ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«አባባ፣ ነካሁት።»

«ምኑን?»

«ጥቅምትን።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር።

«በየትኛው ጣት?»

«በአውራ ጣቴ።»

«ተጭነህ ነው ዳበስ አድርገህ?»

«ዳበስ አድርጌ።»

«ወደ ላይ ነው ወደ ጎን?»

«ወደ ላይ።»

እጃቸው ከኪሳቸው ወጣ። «እህ… እና?»

«ከላይ ሲያዩት የሚወጋ ይመስላል፤ ሲነኩት ግን አይወጋም። ጠንካራ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ግን ለስላሳ። ቀልጦ የረጋ ሻማ ላይ ማበጠሪያ የሄደበት ይመስላል።»

ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር አሻሹ። «አይ እኔ ሞኙ!» አሉ። «እኔ ጨርቅ ውስጥ ስፈልገው! በማስቲሽና በሰጋቱራ ነው የሚሠራው! ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» ጉልበታቸው መታመሙን ረስተው ከእኔ ቀድመው በር ላይ ደረሱ።

ሚጣ ስታያቸው አልሮጠችም። እጇን ከጀርባዋ አጣምራ ቆመች። እሳቸውም ጎንበስ አሉላት። «ሚጣዬ፣ እዚያ ያለው የሰው ነው፤ አይነካም። አንቺ ልክ ነበርሽ። ይኼ ግን የእኛ ነው። እኔም የአንቺ ነኝ።» ሚጣ አሰበችበት። አንድ እጇን አወጣች፣ ሌላውንም አወጣች፣ ከዚያ የአያቷን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ በሁለት እጇ ዳበሰችው። ባለቤቴ ወደ ኩሽና ሮጠች፤ ምን ልትሠራ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ በዚህ ቤት ስንዴውን የሚያውቅ ጣት አንድ ብቻ ነው፤ የእኔ። ዓይኔን በባለቤቴ ሻርፕ ታስሬ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ክቡርነታቸው በማስቲሽና በሰጋቱራ የተሠራውን ስንዴ ቁራጭ በቁራጭ ያቀርቡልኛል፤ ሚጣ አውራ ጣቴን ይዛ ትጭነዋለች።

«ይኼስ?»

«ጠጠረ።»

«ይኼስ?»

«አሁን ደግሞ ልል ነው፤ ትንሽ ያበጥሩት።»

«ኧረ ራቱ በረዶ ሆነ!» ትላለች ባለቤቴ ከኩሽና።

«መጣን፣ መጣን!» እላለሁ ጣቴን ሳላነሣ። «ቆይ አንድ ጊዜ፣ ስንዴው ሊደርስልን ነው!»