የአቶ ዘበነ ዳኝነት

በየሰፈሩ ሳይጠሩት የሚደርስ አንድ አስታራቂ አይጠፋም። ለእኛ ለሰቆጣዎች የደረሱን ክቡር ሊቀ አስታራቂያን አቶ ዘበነ ነበሩ። አንድ ጊዜ ዋሴና ሚስቱ ስለ ጠፋች ፍየል ጮክ ብለው ሲያወሩ ሰምተው ዘው አሉ። ኧረ አልተጣላንም ቢሏቸው፣ ጠብን መካድ የጠብ መጀመሪያ ነው ብለው እስኪሳሳሙ ድረስ አልወጡም። ባልና ሚስቱ እሳቸው ከሄዱ በኋላ የምር ተጣሉ፤ ማን ጠራቸው በሚል።

ስለ ልጆች ደግሞ የማይነቃነቅ እምነት ነበራቸው። ወንድ ልጅ ይማታል፣ ይፈነካከታል፣ ወዲያው ቆሎ ይካፈላል፤ ሽማግሌ አያሻውም። ሴት ልጅ ግን እጇን አታነሳም፣ ታኮርፋለች። «የሴት ልጅ ሆድ ጎተራ ነው፤ የገባ አይወጣም» ይሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ነሐሴ ላይ፣ የልጃገረዶች በዓል ሻደይ አምስት ቀን ሲቀረው፣ የሰባት ዓመት ልጃቸው ጥሩሐረግ የጎረቤታቸውን የብዙነህን ልጅ አመተ ማርያምን በጥፊ አጮለቻት። አቶ ዘበነ መጀመሪያ አላመኑም። የሰፈሩ ልጃገረዶች ግን ወዲያው ፈረዱ፤ ጥሩሐረግ ከእነሱ ጋር አትጨፍርም። በሻደይ ከጓደኞቿ የተነጠለች ልጅ፣ ሌሎቹ ወገባቸው ላይ ቄጠማውን አስረው በየቤቱ ሲዞሩ እሷ ከቤት ትቀራለች። ዓመቱን ሙሉ ያን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ልጅ ናት፤ ከጓሮ ሆና ብቻዋን ስትዘፍን እናቷ ወለተ ጊዮርጊስ ሰማቻት።

አቶ ዘበነ በብዙነህ ደጅ ሸንጎ ተቀመጡ። ልጃቸውን ለምን እንደመታች ሦስት ጊዜ ጠየቋት። ሦስቱንም ጊዜ መሬት መሬት አየች። ይኸው ጎተራው አሉ በሆዳቸው። ለልጁ አደላ እንዳይባሉም ፍርዱን አከበዱት፤ እንደ ትልቅ ሰው ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ እንድትለምን። ልጅ እኮ ናት ብላ ወለተ ጊዮርጊስ ብትማጸን አልሰማም አሉ።

ጥሩሐረግ ድንጋዩን አንገቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ።»

አመተ ማርያም ይቅር ማለት ሲገባት ለቅሶዋን ለቀቀችው። ተነስታ ድንጋዩን ከጓደኛዋ አንገት አወረደችና፣ «እኔ ነኝ የበደልኳት» አለች። «አባትሽ ሲመጣ ሰው በሩን ይዘጋል አልኳት።»

ብዙነህ የሚገባበት ጠፋው። አቶ ዘበነ ልጃቸውን፣ ይህን ለምን አልነገርሽኝም ቢሏት፣

«እርስዎ ይሰሙታል ብዬ ነዋ፣ አባ» አለች።

ሁለቱ ልጆች ያን ሻደይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጨፈሩ። አቶ ዘበነ ግን አፈሩ፤ አዘኑም። ከዚያ ወዲያ ከቤታቸው ይውላሉ፤ ጠብ የሚባል ነገር ቢሰሙም እንዳልሰሙ ያልፋሉ። እኛም እሰይ ተገላገልን ያልን ሰዎች፣ ወር ሳይሞላ ቅር ይለን ጀመር።

መስከረም ላይ አንድ ማለዳ ብዙነህ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ከሚስቱ ጋር ይጯጯኽ ጀመር። አቶ ዘበነ ትንሽ አመነቱ፣ ከዚያ እየተቻኮሉ ሄዱ። ባልና ሚስቱ ምንም አልተጣሉም ነበር። እንዲጯጯኹ የለመኗቸው ጥሩሐረግና አመተ ማርያም ናቸው።